የዳሃቦ ወርቅ

ወልደጻድቅ ብስክሌቱን በፈንጂ መፈለጊያ የለወጠ ዕለት ሚስቱ የሺአረግ ምሳውን አቅርባለት አብራው አልበላችም። በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ፔዳሉን በንዴት ትረግጠው ጀመር። እሱ ደግሞ ያመጣውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ከወጡ ሳህን አጠገብ ዘርግቶ፣ አንዴ እየጎረሰ አንዴ በጨርቅ እየወለወለ፣ ደስታውን ብቻውን ያጣጥማል።

ነገሩ የሆነው በአርባዎቹ መጨረሻ ነው። ጣልያን ከድሬዳዋ ከወጣ ከርሟል፤ ተከትለውት የገቡት እንግሊዞችም ሄደዋል። የጦርነቱ ብረት ግን የትም አልሄደም። የጥይት ሣጥን፣ የካሚዮን በር፣ የብረት ቆብ፣ የተበሳ በርሜል፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ቀፊራ ገበያ ዳር ሰማታር ግቢ ይደርሳል። ሰማታር ቁራጭ ብረት እየለቃቀመ የሚሸጥ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሶማሌ ነው። ዕቃ ሊሸጥ ሲል ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ወሬ ያስቀድማል። ለወልደጻድቅ ያስቀደመለት ወሬ የሐርላ ነበር።

ሐርላ በሐረር መንገድ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። እዚያ የፈራረሰ የጥንት ግንብ አለ፤ የአገሩ ሰው በመሐሉ ፍየሉን ያግዳል፣ ማሽላውን ይዘራል። ያን ግንብ የሠሩት ሰዎች ሀብታቸው ከመብዛቱ የተነሳ ወርቃቸውን መሬት ቀብረውት እንደጠፉ በድሬዳዋ ያልሰማ የለም።

ሰማታር ዕቃውን ከብረት ክምር ውስጥ መዝዞ እያወጣ፣ "አየኸው ይሄን?" አለው። "እንግሊዝ ፈንጂ የሚፈልግበት ነው። መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ ይጮሃል። አሁን አቦ፣ አስበው። ፈንጂ መሬት ውስጥ ነው። ወርቅም መሬት ውስጥ ነው። ለፈንጂ የጮኸ ለወርቅ ለምን ዝም ይላል?"

ወልደጻድቅ ብስክሌቱን እዚያው አቆመና ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዕቃው ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የትንሽ ሰፌድ መጠን ያለው ክብ ነገር አለበት። ከክቡ የሚወጣው ሽቦ ትከሻ ላይ ወደሚንጠለጠል ሣጥን ይገባል። ሣጥኑ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ አለ። ከሣጥኑ ደግሞ ሌላ ሽቦ ወጥቶ ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ ላይ ያልቃል። ሰውዬው ክቡን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ከሥሩ ብረት ካለ ማዳመጫው ይጮሃል።

የሺአረግ በመጨረሻ ከመኪናዋ ተነስታ መጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ነገ ሥራ በምን ልትሄድ ነው?"

"በእግሬ።"

"ፈንጂ ብታገኝበትስ?"

"ምን አልሽ?"

"ፈንጂ ብታገኝበትስ!"

"ወርቅ ነው እንጂ የምፈልገው" አላት፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ በእሱ ቤት ሹክ ማለቱ ነው፣ "የሐርላን ወርቅ! ግን ለማንም እንዳትናገሪ!"

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ተሻለች፣ "ኧረ እኔ ለማንም አልናገርም፣ ወልዴ!" አለች። የሺአረግ ተቆጥታ እንዳለች ሳቋ አመለጣት።

ወልደጻድቅ ጆሮው ደክሟል። ከወጣትነቱ ጀምሮ በምድር ባቡር ጋራዥ የሚሠራው የከሰል ባቡሮችን ውሃ ማፍያ ቦይለር ነው። እንደ ዋሻ ያለ የብረት ሆድ ውስጥ ገብቶ መዶሻ ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ጆሮው አብሮት አያረጅም፤ ቀድሞት ነው የሚያረጀው። እሱ ግን ደህና እሰማለሁ ባይ ነው። ሰዎቹ ናቸው አፋቸውን ከፍተው የማይናገሩት።

የመጀመሪያውን እሑድ ከሰማታር ጋር በጭነት መኪና ተሳፍረው ሐርላ ወረዱ። የማሳው ባለቤት አባ አብዲቃድር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሰማታር በኦሮምኛ አስረዳቸው። ሽማግሌው ማሽኑን፣ ሁለቱን ሰዎችና አካፋቸውን በየተራ አይተው፣ "ቆፍሩ" አሉ። "የምታወጡትን ድንጋይ ግን እዚያ ካብ ላይ ደርድሩልኝ። እህል ከዘራሁበት በኋላም ድርሽ እንዳትሉ።"

ወልደጻድቅ ማዳመጫውን ደፍቶ ማወዛወዝ ጀመረ። ረፋዱ ላይ ሰማታር ከኋላው እየሮጠ መጣ።

"ዋርያ! ይጮሃል እኮ! እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ፣ አንተ ታልፈዋለህ?"

"ዝም ነው ያለው።"

"ወላሂ ይጮሃል!"

ማዳመጫውን ሰማታር ወሰደው። የሱ ጆሮ ደህና ነው፤ ትዕግሥት ነው የሌለው። ለእሱ ጢዝ ያለ ሁሉ ወርቅ ነው። በጮኸ ቁጥር ዘንጉን ጥሎ አካፋ ያነሳል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጉድጓድ በጉድጓድ አደረጉት። የወጣው የጣልያን የሥጋ ቆርቆሮ፣ የበቅሎ ጫማ፣ የጥይት ቀለህና የተሰበረ ማጭድ ነው። አባ አብዲቃድር ካባቸው ከፍ ማለቱን እያዩ በጣም ተደስተዋል። ማጭዱንም ወሰዱት።

ማታ ወልደጻድቅ አቧራ ለብሶ ገባ። የሺአረግ ውሃ አቀረበችለት። እግሩን እየታጠበ፣ "የሺ፣ አልሰማውም" አላት። "ሰማታር እየጮኸ ነው ይለኛል፤ እኔ አልሰማውም።"

አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አልሰማም ሲል የሰማችው የዚያን ማታ ብቻ ነው። የተዘጋጀችበት ቁጣ የት እንደገባ አላወቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳበች።

"እስቲ ይሄን ነገር አምጣው። እንዴት ነው የሚደፋው?"

የሺአረግ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መርፌ ከመሰበሩ በፊት፣ ክሩ ከመጠምጠሙ በፊት፣ ከድምፁ ታውቃለች፤ እጇ ይቆማል፣ ምክንያቱን ሌላ ሰው ኋላ ነው የሚያየው። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ባሏ ግቢው ውስጥ ማንኪያ፣ መቀስና የራሷን የጋብቻ ቀለበት እየለያየ ቀበረ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆየች። ከዚያ ዘንጉን ይዛ ዞረች።

"ይሄ መቀሱ ነው፤ እንደ ጥንዚዛ ነው የሚጮኸው። ይሄ ደግሞ ንብ፤ ማንኪያው ነው።" አጥሩ ጥግ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች። "ቀለበቴ እዚህ ጋ ነው። ትንኝ። በጣም ቀጭን፣ የምታናድድ ትንኝ።"

ወልደጻድቅ ቆፍሮ ቀለበቱን አወጣ። መሬት ላይ እንደተንበረከከ ጣቷ ላይ ሲያጠልቅላት ተሻለች በአጥሩ ቀዳዳ እያየች እልልታዋን አቀለጠችው።

አንድ ችግር ቀረ። ዘንጉ ይከብዳል፤ ሣጥኑም ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ያጎነበሰ ትከሻ ያን ተሸክሞ ማሳ አይዞርም። ስለዚህ ተካፈሉት። ዘንጉንና ሣጥኑን እሱ ያዘ፤ ማዳመጫውን እሷ ደፋች። ሽቦው አጭር ስለሆነ ከኋላው ተጠግታ፣ ቀበቶውን ይዛ፣ እግሯን ከእግሩ እኩል እያነሳች መሄድ አለባት። ተናግራ ስለማይሰማት ትከሻውን መታ ስታደርገው ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሱ ሲቆም እሷ ጀርባው ላይ ትለጠፋለች፤ እሱ ወደ ግራ ሲዞር እሷ ወደ ቀኝ ሄዳ ማዳመጫው ከራሷ ላይ ይነቀላል። ተሻለች ሳቅ ገሏት አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ኋላ ግን ተላመዱ። ግቢውን እንደ አንድ ሰው ይዞሩት ጀመር።

እሑድ እሑድ ሦስቱም ሐርላ መሄድ ሆነ። ሰማታር መቆፈሩን ያዘ። እንዳይቸኩል የሚቆፈረውን የምትወስነው እሷ ናት። ጥንዚዛውን ያልፉታል፣ ንቡን ያልፉታል፣ ትንኝ ሲሆን ብቻ አካፋው ይገባል። አንድ ቀን ዝገት አረንጓዴ ያለበሰው፣ የዓረብ ጽሑፍ ያለበት የመዳብ ገንዘብ አገኙ። ሰማታር አንብበው ተብሎ ዓይኑን ቢያጨናብስም አልቻለም። ማሳው የአባ አብዲቃድር ነውና ገንዘቡ ለእሳቸው ተሰጠ፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ዘንቢል ቲማቲም ሰጧቸው። ወርቅ የሚባል አልታየም። የጋራዡ ሰዎች ወልደጻድቅን "ባለ ወርቁ" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ይሆናል።

የሺአረግ ግን ቅዳሜ ማታ ሲሆን ዳቦውንና ማንጎውን ራሷ ትቋጥር ጀመር። "ለእናንተ ብዬ ነው" ትላለች። ልጃቸው አዋሽ ካገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር። አሁን ከባሏ ኋላ ቀበቶውን ይዛ ፀሐይ ላይ ስትዞር ትውልና ማታ እግሯን ዘርግታ ስለ ትንኝ ታወራለች።

ክረምቱ ገባ፤ የሐርላውም ማሳ ተዘራ። በክረምቱም መሐል የሰማታር እህት ዳሃቦ ልጇን ዘምዘምን ልትድር ሆነ።

ዳሃቦ ቀፊራ ውስጥ የግመል ወተት የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ስሟ በሶማሊኛ ወርቅ ማለት ነው። ከዘምዘም መወለድ ጀምሮ ለዚህ ቀን ጥቂት በጥቂት ወርቅ ስታጠራቅም ኖራለች፤ አንድ የአንገት ሐብል፣ የእጅ አምባሮች፣ ጉትቻና ቀለበት። የሙሽራዋን ልብስ የሰፋችው የሺአረግ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ዳሃቦ ወርቁን ከዚራ ካለው አንጥረኛ አስወልውላ ተቀበለች፤ በቢጫ ጨርቅ ቋጥራ በሻይ ቆርቆሮ ከተተችው። ወደ የሺአረግ በረንዳ መጥታ ልብሱን በእንጨት ሣጥን አስደረደረች፤ ቆርቆሮውን ከሥር አደረገች፤ ሣጥኑን በፈረስ ጋሪ አስጫነች። ሠርጉ ሰኞ ነው።

"ወርቁን እቅፍሽ ውስጥ ብታደርጊው አይሻልም?" አለቻት የሺአረግ።

"ሰው ያየዋል ዋላል፣ እህቴ። ሣጥን ይሻላል።"

ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ነበር። ባለ ጋሪው በድልድዩ ከመዞር ብሎ ደቻቱን፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ፣ በአሸዋው አቋረጠ። ድሬዳዋ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ በሐረር በኩል ተራራው ላይ መዝነቡን ማን ያውቃል? ከመሐል ሲደርሱ ከላይ በኩል ሰዎች፣ "ደቻቱ መጣ! ደቻቱ መጣ!" እያሉ ጮኹ። ባለ ጋሪው ፈረሱን ፈታ፣ ዳሃቦን ክንዷን ይዞ ጎተተ። ሦስቱም፣ እሷም፣ እሱም፣ ፈረሱም፣ ማዶ ዳገቱ ላይ ሲወጡ ቡናማው ውሃ እንጨትና ድንጋይ እያንከባለለ ጋሪውን ከነሣጥኑ አንስቶ ወሰደው።

የሺአረግና ወልደጻድቅ ሮጠው ሲደርሱ ዳሃቦ ረጥባ አሸዋው ዳር ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሰማታር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ "ሰው ተርፏል፤ ሰው ተርፏል እኮ" ይላል። ዘምዘም እናቷን በነጠላ እየጠቀለለች፣ "ተይው እማ፣ እኔ ያለ ወርቅም አገባለሁ። ዐያንሌ ወርቄን አይደለም የሚያገባው" አለቻት።

"እሱማ አያገባውም" አለች ዳሃቦ። "እኔ ግን ላደርግልሽ ነበር።"

ደቻቱ እንደመጣው ሁሉ ይሄዳል። እሑድ ጠዋት አሸዋው እርጥብ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ውሃው በመሐሉ እንደ ክር ቀጥኗል። የዘምዘም ልብሶች እዚህም እዚያም ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥተዋል። ሣጥኑም ከከተማው በታች ተሰባብሮ ተገኘ። ቆርቆሮው የለም።

የሺአረግ ይህን ከሰማታር ስትሰማ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ዘንጉን አወረደችና ባሏን ቀሰቀሰችው። "ተነስ! ወርቁ ሐርላ አይደለም፤ ደቻቱ ነው!"

ሣጥኑ ከተገኘበት ጀምረው ወደ ታች ፈለጉ። ማሽኑ እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። ድሬዳዋ የጣለችው ብረት ሁሉ እዚያ አሸዋ ውስጥ ነው ያለው፤ ሚስማር፣ የጋሪ ቀለበት፣ የድስት እጀታ፣ የባቡር ቡሎን። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ሰማታር እያዘነም ቢሆን ብረቱን ከዳር መከመሩን አልተወም። ወሬው መጋላ ደረሰ፣ ከዚራ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ነጭ እንደለበሰ መጣ። ከቀፊራ አትክልት ሻጮቹ ዘንቢላቸውን ተሸክመው መጡ። "ባለ ወርቁ" ሲሉት የከረሙት የጋራዡ ሰዎችም አካፋ ይዘው መጡ። ግማሹ ሊያግዝ፣ ግማሹ ባልና ሚስቱ ተጣብቀው ሲሄዱ አይቶ ሊስቅ።

ወደ ቀትር ግድም የሺአረግ ትከሻውን መታች። ቆፈሩ። የሻይ ቆርቆሮው ወጣ! ሰዉ ጮኸ፤ ዳሃቦ እየሮጠች መጣች። ክዳኑ የለም። ሰማታር ገልብጦ አራገፈው፤ አሸዋ ብቻ ወረደ።

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዳንዱ መሄድ ጀመረ። ዳሃቦ ቆርቆሮውን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ፣ "በቃ፣ ጠፋ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል" አለች።

ወልደጻድቅ ያለችውን አልሰማም። ቆርቆሮውን ከእጇ ወሰደና ያገላብጠው ገባ። በውሃና በብረት መሐል ሲኖር የከረመ ሰው ነው። ድንገት ቀና ብሎ ሐርላ ድረስ በሚሰማ ድምፁ፣ "የሺ! ሞኞች ነን!" አለ። "ባዶ ቆርቆሮ ይንሳፈፋል፣ እንጨትም ይንሳፈፋል! ወርቅ ይሰምጣል እንጂ አብሯቸው እዚህ ድረስ ምን ያመጣዋል? ሣጥኑ የተሰበረው የት ነው?"

ባለ ጋሪው እጁን አንስቶ ወደ ላይ ጠቆመ። "ጋሪው ከዚያ ትልቅ ድንጋይ ጋር ሲላተም አይቻለሁ።"

ሰዉ ተመልሶ ግር ብሎ ወደ ላይ ነጎደ። ድንጋዩ ከማቋረጫው ትንሽ ዝቅ ብሎ የቆመ፣ በሬ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ነው። ውሃው ከኋላው እየተሽከረከረ አሸዋ ቆልሎበታል። ባልና ሚስቱ ዙሪያውን መዞር ጀመሩ። ወዲያው የሺአረግ ፊቷ ተቀየረ።

"ድምፁ እየደከመ ነው። ድንጋዩ ሊያልቅ ነው።"

ሰማታር፣ "የትኛው ድንጋይ?" አላት፣ ትልቁን እያየ።

"የባትሪው! ትንኝ ብትኖር እንኳ በዚህ ጫጫታ አልሰማትም። ሰውን ዝም አሰኝልኝ!"

ሰማታር ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወጣ። ረጅም ሰውዬ ነው፤ እዚያ ላይ ሲቆም ከየትም ይታያል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ "ጸጥ በሉ!" አለ በአማርኛ። "አሙሳ!" አለ በሶማሊኛ። "ጨሊሳ!" አለ በኦሮምኛ። ዓረቦቹ ነጋዴዎችም እንዳይቀየሙ "ኡስኩት!" ጨመረ። ሰዉ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አንድ አህያ ከገበያው በኩል ረጅሙን አናፋች። ደቻቱ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ዳሃቦም ሳታስበው ሳቀች።

"እሷንም ዝም አሰኟት!" አለ ሰማታር፤ እንደገና እጁን ዘረጋ።

አሁን ከልብ ጸጥ አለ። ወልደጻድቅ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ቀስ እያደረገ ያወዛውዛል። የሺአረግ ዓይኗን ጨፍና ቀበቶውን ይዛ ትከተላለች። ጥንዚዛ። ለማለፍ ወደፊት ገፋ አደረገችው። ዝምታ። ንብ፤ እሱንም አለፉት። ከድንጋዩ ኋላ፣ አሸዋው በተቆለለበት ጥግ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። በጣም ሩቅ፣ ከእንቅልፍ ውስጥ እንደሚሰማ ያለ፣ ቀጭን ነገር አለ። ባሏ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር፤ በቀበቶው ጎትታ መለሰችው። ትከሻውን መታች። ማዳመጫው እዚያው ላይ እርጭ አለ፤ ባትሪው አለቀ።

"እዚህ ነው" አለች። "በአካፋ አይደለም። በእጅ።"

ወልደጻድቅ ተንበረከከ። አሸዋውን በመዳፉ ይዝቅ ጀመር። ዳሃቦ ከፊት ለፊቱ ተንበርክካ አብራው ዛቀች። ክንዳቸው እስከ ክርን ገባ። ውሃ መጣባቸው፤ ጭቃውን አወጡ። ዳሃቦ እጇ ቆመ። አፏን ከፍታ ወልደጻድቅን አየችው፤ ቀስ ብላ ሳበች፤ ከእጇ ጋር የቢጫ ጨርቅ ጫፍ ወጣ።

ቋጠሮው ላልቷል እንጂ አልተፈታም። ሐብሉ አለ። አምባሮቹ አሉ። ጉትቻው ሁለቱም አለ። ቀለበቱ ብቻ በላላው በኩል ሾልኮ ሄዷል። ዘምዘም እንደገና ይቆፈር ሲሉ ከለከለቻቸው። "ይቅር፣ ደቻቱም ድርሻውን ይውሰድ!" አለች፤ ዳሃቦም ሐብሉን ከነጭቃው በልጇ አንገት ላይ አጠለቀችው።

እልልታው ከሁለቱም ዳር ተነሳ። ሴቶቹ፣ ነጭ የለበሱትም ሻሽ የጠመጠሙትም፣ አሸዋው ላይ እየዘለሉ ያስተጋቡታል። ሰማታር ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ወልደጻድቅን አንስቶ አሽከረከረው። ወልደጻድቅ ሲለቀቅ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ያያል። የተከፈተ አፍ ሁሉ በፊቱ ነው። ከዚያ ፊቱ በራ፤ የሚስቱን እጅ ያዘ።

"የሺ" አላት፣ "ሰማሁት እኮ! እልልታውን ሰማሁት!"

የሺአረግ ማዳመጫውን አውልቃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ማንም ሳያውቅ ባሏ ደረቱ ላይ አስጠጋት።

ልብሱ ነበር የቀረው። ከቁጥቋጦ የተሰበሰበውን ሁሉ ተሻለችና የሺአረግ ከሰዓት ሙሉ አጠቡት፤ የተቀደደውን ጠቀሙት፤ በከሰል ካውያ ተኮሱት። አብሮት የነበረ አንድ ቀይ ጨርቅ ግን ቀለሙን ለቆ ነጩን የሙሽራ ልብስ አበላሽቶታል፤ ቢያንስ የሺአረግ ተበላሸ ብላ ልትሞት ነበር። ነጩ ልብስ ከላይ ነጭ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እየቀላ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሮማን ሆኗል። ዘምዘም ለብሳ ስትዞር ጓደኞቿ ከበው አዩዋት። ከዚያ አንዷ፣ "እትዬ የሺ፣ ለእኔም እንደዚህ ያለ ትሠሪልኛለሽ?" አለቻት።

ሰኞ መጋላ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሙሽራው ዐያንሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጓደኞቹ መኪናቸውን በቅጠል አስጊጠው ጥሩምባ እየነፉ ከተማውን አዞሩት። ዳሃቦ ለክርስቲያን እንግዶቿ አንድ ሙክት ለብቻ አስነድታ ለተሻለች ቤት ሰጥታ ነበር፤ እዚያ ታርዶ፣ እዚያ ተሠርቶ፣ በክርስቲያን ድስት መጣ። ወልደጻድቅና የሺአረግ ከጋራዡ ሰዎች ጋር ተቀምጠው በሉ። አባ አብዲቃድርም ሐርላ ድረስ ወሬው ደርሷቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተዋል። "ወርቅ በከተማችሁ አለ፤ የእኔን ማሳ ምን አስቆፈራችሁ?" እያሉ ሲስቁ ዋሉ፤ ግን ማሳው ላይ ገና ያልወጣ ድንጋይ እንዳለ፣ እህሉ ሲታጨድ እንዲመጡ መንገራቸውንም አልተዉም።

ከበሮው ሲመታ ሰማታር ወልደጻድቅን ጎትቶ ከወንዶቹ መሐል አስገባው። ከበሮን የጆሮ መድከም አይከለክለውም፤ በእግር በኩል ይገባል። ትልቁ ሰውዬ ከሶማሌዎቹ ጎረምሶች እኩል ሲዘልና ሲያጨበጭብ ያየ ሁሉ ክቡን እያሰፋ አዳመቀለት።

የሺአረግ ከሴቶቹ በኩል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ዳሃቦ እንግዳ ስታስገባ፣ ስታበላ፣ ስታመሰግን ውላ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከቅዳሜ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም። አንድ ነገር ልትላት ጀምራ ነበር፤ "የሺ፣ ዋላል፣ አንቺኮ..." ብላ ሳትጨርሰው ራሷ ዘንበል አለና የሺአረግ ትከሻ ላይ አረፈ። ተኛች። በጆሮዋ ሥር እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩ፣ እልል እያሉ፣ እሷ እንደ ሕፃን ተኛች። ሴቶቹ ሊቀሰቅሷት ሲሉ የሺአረግ በዓይኗ ከለከለቻቸው። እግሯ ደንዝዟል፤ ልትዘረጋው ፈልጋም ነበር። አልተነቃነቀችም። ዘምዘም ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ሁለቱን አየቻቸውና ሮማን የመሰለውን የልብሷን ጫፍ ይዛ ለየሺአረግ በሩቁ ወዘወዘችላት።